ከመቅለጡ በፊት አንድ ገጽ ይታተምልኝ

ለተከበሩ የከተማው ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በ«ይንኩት» ክፍል በትሪ ላይ ተዘርግቶ ለሕዝብ እየታደለ ስላለው ወንድሜ

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና ይሁኑልዎ፤ ታላቅ ወንድም ካለዎት ደግሞ እርሱ በተለይ ደህና ይሁንልዎ፣ ዛሬውኑም ደውለው ድምፁን ይስሙት። እኔ በበኩሌ፣ ከጉልበቴና ከግራ ዓይኔ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ለቢሮዎ ሁለት ጊዜ በግል ጽፌ ሁለት ጊዜም በማኅተም የተደገፈ መልስ ደርሶኝ ሳለ ሦስተኛውን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። አንድም፣ ጸሐፊዎ በስልክ «አባባ፣ እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉኝ ይህ ዘጠነኛ ጊዜያቸው ስለሆነና ስብሰባው እስኪያልቅ በሕይወት መቆየቴን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ነው። አንድም፣ የ«ይንኩት» ክፍል ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ለእድሳት እንደሚዘጋ፣ የእርሳስ ፊደሎቹም ወጥተው ቀልጠው በባለቀለም ፕላስቲክ እንደሚተኩ በበርዎ ላይ ስላነበብኩ ነው። ሰኞ ደግሞ እንደ እኔ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጨዋ አይደለም።

ሙዚየምዎ ያረፈበት ሕንፃ ቀድሞ ማተሚያ ቤት እንደነበረ ለክቡርነትዎ መንገር አይገባኝም፤ በመግቢያው ላይ በነሐስ አስቀርጸውታልና። የቲኬት መስጫዎ የወረቀት መጋዘናችን ነበር። ያሸበረቀው አትክልትዎ ቁራጭ ወረቀት የምናቃጥልበት ጓሮ ነበር። ቢሮዎም የሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ነበር፤ እርሳቸውም ስብሰባ ይወዱ ነበር። እኔ በዚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ይኸውም ማንኛውም ገጽ በብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ ወደ ጠረጴዛዬ እየመጣ ስህተቱን በቀይ ቀለም አወጣ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ በዚያው ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ለወጣት አንባቢዎች ስል ላስረዳ፤ ፊደል ለቃሚ ማለት ከመሳቢያ ውስጥ የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ በጣቱ እያነሣ፣ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ ተገልብጠው ሳሉ እየደረደረ ገጽ የሚሠራ ሰው ነው። የእኛ ፊደል ብዙ ነውና መሳቢያዎቹ ግድግዳውን ሞልተውት ነበር፤ ወንድሜ ከክፍሉ ሳይወጣ በቀን ምን ያህል መንገድ ይሄድ እንደነበር የሚያውቁት እርሱና ጫማ ሰፊው ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ አትክልቱ ቦታ። እያንዳንዱ ዛፍ ስሙ ተጽፎለት፣ እያንዳንዱ አግዳሚ ወንበር «አይቀመጡበት፣ ቅርስ ነው» ተብሎለት፣ ሣሩም በሽቦ ታጥሮለት ሳይ በከተማችን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሣር የተከበረ ኑሮ እንደሚኖር ተረድቼ ደስ ብሎኛል። በመክፈቻው ዕለት ከጠጠሩ መንገድ ላይ የወደቀች አንዲት የአበባ ቅጠል ባነሣ ጥበቃው ከሩቅ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «አባት! አይነካም! ኧረ አይነካም!» አለኝ። ወድቃ ነው ያነሣኋት ብለው «ቢወድቅም ንብረት ነው» አለኝና ከእጄ ተቀብሎ፣ ከወደቀችበት ቦታ መልሶ አኖራት። በእውነት አልተቆጣሁም። የወደቀ ነገር ከወደቀበት ሳይነሣ መቆየት እንዳለበት፣ የሞተም አበባ ባለቤት እንዳለው ያስተማረኝ ሰው ነው። ክቡርነትዎ ይህን ትምህርት ልብ ብለው ይያዙልኝ፤ ግቢውን አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ያስፈልገናል።

ሁለተኛ፤ ስለ «ይንኩት» ክፍል። ይህ ክፍል የቀድሞው የለቀማ ክፍል ነው። ከሦስተኛው መስኮት ሥር ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለቆመበት የእንጨቱ ወለል በሁለት ጫማ ቅርፅ ጎድጉዶ ነበር። እናንተ በደግነታችሁ አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፋችሁበታል። እኔ ግን ለመስኮቱ ብርሃን ብዬ ወደዚያ ስጠጋ እግሮቼ ምንጣፉን አልፈው ሁለቱን ጉድጓዶች አገኟቸው፤ ልክ ገጠሙም፤ የእናታችን ልጆች ሁላችንም አንድ የጫማ ቁጥር ነንና። የሌላ ሰው ወንበር ላይ ሳልጠይቅ እንደተቀመጥኩ ያለ እፍረት ተሰማኝና ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ።

ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ በብረት ትሪ የተቀመጠ አንድ ገጽ ሙሉ የእርሳስ ፊደል ነበር። መግለጫው፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ እንዲህ ይላል፦ «ጌጠኛ የፊደል ሰሌዳ። ሠሪው አይታወቅም። ትርጉም የለውም። ይንኩት፣ ይንቀሉት፣ ስምዎን ያትሙበት፣ አንዱን ለማስታወሻ ይውሰዱ!» አስጎብኚዋ ደግ ልጅ ናት፤ «አባባ፣ ትልቅ ሰው ይቅደም እንጂ! የመጀመሪያው እርስዎ ይሁኑልን» ብላ እጄን ይዛ አስጠጋችኝ። ክቡርነትዎም አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ካሜራም ነበር፤ ጭብጨባም ነበር።

ጭብጨባው ሲያልፍ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አራሚ የነበረ ሰው የተገለበጠ ፊደል ሲያይ ማንበቡን መተው አይችልም፤ በጥድፊያ ቀን ወረቀት ሳንጠብቅ ከእርሳሱ ላይ እናነብ ነበርና። የመጀመሪያው መስመር «ለታናሽ ወንድሜ» ይላል።

እዚህ ላይ፣ ክቡርነትዎ፣ ስለ ወንድሜ ጠባይ ጥቂት ካልተናገርኩ የማወራው አይገባዎትም። ወንድም ጋሼ አይናገርም ነበር። ዲዳ አልነበረም፤ ዝም ብሎ አይናገርም ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች «ሬዲዮ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ «ሬዲዮ ዛሬም ባትሪው አልቋል» እያሉ ይስቁበት ነበር። በአፉ የማይወጣለትን በእርሳስ ለቅሞ፣ አንድ ቅጂ አትሞ፣ ከእርማት ወረቀቶቹ መሐል ይልክልኝ ነበር። የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ሳርም ከገጽ አሥራ ሁለት ቀጥሎ «አግብቻለሁ። እሑድ ምሳ ና» የሚል ብጣሽ አገኘሁ። በቀይ ቀለም «ማንን?» ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ ከገጽ ሠላሳ በኋላ «ስትመጣ ታያታለህ» የሚል መጣልኝ። ሌላ ቀን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሳርም «እማማ አረፈች። ኮትህን ልበስ» የሚል አገኘሁ። በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ በበሩ ባየው ጀርባውን ሰጥቶኝ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወደየመሳቢያቸው እየመለሰ ነበር።

የመጀመሪያ ልብ ወለድ መጽሐፌን የለቀመልኝ እርሱ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ሰባት ወር ሙሉ። መጽሐፉ ወጣ፤ አገር ሳቀብኝ። በገጽ አርባ ላይ በክብር የቀበርኩት ሽማግሌ በገጽ አርባ ሦስት ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል። ገጾቹ ተለዋውጠው ነበር። እኔም በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ከዚያ ከሦስተኛው መስኮት ሥር፣ ወንድሜን «ዓይንህ ጠፍቷል! ገጽ መቁጠር የማይችል ሰው ፊደል ምን ያደርግለታል?» አልኩት። እርሱ ጣቶቹን በጨርቅ ጠርጎ ወደ መሳቢያው ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት በእጄ የጻፍኩትን ረቂቅ እንዲያመጣ ሲያዙት «ጠፍቶብኛል» አለ። ለዚህ አንድ ቃል ከለቀማ ተነሥቶ ቀለም የነካ ፊደል አጣቢ ሆነ። እኔም በዚያው ሳምንት በኩራት ሥራዬን ለቅቄ ወጣሁ። ከሦስት ወር በኋላ ቤቴ ውስጥ የረቂቁን ቅጂ አገኘሁ፤ ገጾቹን አዛብቼ የቆጠርኳቸው በገዛ እጄ ነበር። ሁለት ጊዜ ወንድሜ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ነበር፤ አንድ ጊዜ ምክንያት አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ማተሚያ ቤቱ በአንድ ቀን ተዘጋ፤ ሥራ በየጠረጴዛው ላይ እንዳለ በሮቹ ታሸጉ። በዓመቱ ወንድሜ ሞተ። ከቀብር መልስ ሚስቱ ከእንግዶቹ ለይታ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ጽፎልሃል እኮ፤ አላየኸውም? ‹እርማት ሲያነብ ያገኘዋል› እያለ ነበር የሚጠብቀው» አለችኝ። እኔ ግን እርማት ማንበብ ትቼ ነበር። ሥራ መልቀቄንስ አልነገሩትም ወይ ብላት «ነግረነዋል፤ ‹ይመለሳል› ነው ያለው» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ለኀዘንተኛ የተባለ የማጽናኛ ቃል አድርጌ ኖርኩ።

ክቡርነትዎ በትሪ ላይ ዘርግተው «ትርጉም የለውም» ያሉት ያንን ገጽ ነው።

ከግድግዳው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጥበቃው ውሃ አመጣልኝ። (በአደባባይ ቁጭ ብዬ ውሃ ስጠጣ ያ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ያለው ሽማግሌዬ ትዝ አለኝ።) ተነሥቼ እስክመለስ የመዝጊያው ደወል ሊደወል ጥቂት ቀርቶት ነበርና አራት መስመር ብቻ አነበብኩ፦ «ለታናሽ ወንድሜ። በአፍ አልሆነልኝም፤ ታውቀኛለህ። እርማት ስታነብ ታገኘዋለህ ብዬ ነው። ስለ ገጾቹ የማታውቀው ነገር አለ።» ገጹ ሃያ ሁለት መስመር ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ብዕር። በሥራ ቀናት ክፍሉ ለተማሪዎች ቡድን ብቻ ስለሆነ እስከ ቅዳሜ ጠበቅሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለጠበቀ ሰው አምስት ቀን ምንም አይደለም ይሉ ይሆናል፣ እንደዚያ ረዝሞብኝ የሚያውቅ ጊዜ ግን የለም። ደብተሬንና ብዕሬን ይዤ ገባሁ። የሚቀጥሉት ሁለት መስመሮች ገና ይነበቡ ነበር፦ «ረቂቁ አልጠፋም። ማንም እንዳያይብህ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።» ይህን ደብተሬ ላይ ማስፈር ስጀምር አስጎብኚዋ በትሕትና ብዕሬን ተቀበለችኝ። «አባባ፣ ቀለም ቅርስ ያበላሻል፤ እዚህ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው» አለችኝ። ፎቶግራፍም ክልክል መሆኑን በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል አሳየችኝ። ቅርስን ከአንድ ሽማግሌ ብዕር ለመጠበቅ የሚወስዱትን ጥንቃቄ ከልብ አደንቃለሁ። ይህን ስትነግረኝ ከጎኗ አንዲት እናት ለልጇ «ያን ትልቁን ንቀዪው፣ ለቁልፍ መያዣ ያምራል» እያለች ነበር። ሰባተኛው መስመር ከዚያ በኋላ አልተነበበም።

አራተኛ፤ ስለ ወንድሜ አወጣጥ። ወንድሜ ገጹን ሲጨርስ ዙሪያውን በሲባጎ አስሮት ነበር፤ ያ ቋጠሮ ፊደሎቹን ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ላይ ይዟቸዋል። መዝገባችሁ «ለመንካት እንዲመች ሲባጎው ተፈትቷል» ይላል። አይጥ ያልደፈረውን፣ የሚያፈስ ጣሪያ ያልበተነውን ሥራ ክቡርነትዎ በአሥራ አንድ ሳምንት ፈጽመውታል፤ እንዲህ ያለ የሥራ ቅልጥፍና በሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ቢለመድ ምኞቴ ነው። በየቅዳሜው እየሄድኩ አያለሁ። ሙሽሮች ስማቸውን አትመውበት ይስቃሉ፤ ጓደኛሞች «አንተ የእኔን ውሰድ፣ እኔ የአንተን» እየተባባሉ ይለዋወጡታል። አንድ ቀን ኮቴን ጥዬበት ልሸፍነው ብሞክር አስጎብኚዋ «አባባ፣ ሌላውም ይንካ እንጂ፤ ወረፋ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንድሜን የምጋራው ከመላው ከተማ ጋር ነው።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ለመግዛት ስሰለፍ ከፊቴ የነበረችው ሴት ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አወጣች፤ ሙዚየምዎ ውስጥ ያተመችው ስሟ ነበር። ሁለተኛው ፊደል የግራ እግሩ የተሸረፈ ነው። ያንን ፊደል አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት በቀይ ቀለም እየከበብኩ «ይቀየር» ብዬበታለሁ፤ ወንድሜም አሥራ አራት ዓመት በብጣሽ «እሱን ተወው፣ ለምዶኛል» እያለ አስቀርቶታል። ሴትየዋ ፊቴን አይታ «ምነው አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እህቴ ሆይ፣ ስምሽ ውስጥ የቆመው ወንድሜ ነው ልበላት? ከዚያ ቀን ወዲህ በየመንገዱ ሰው ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ እያየሁ እቆማለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ጫማዬን እያሰርኩ፣ እርሳስ ከእርሳስ ጋር ሲጋጭ የሚሰጠውን ያን ደረቅ ትንሽ ድምፅ ከጎረቤት ክፍል እሰማለሁ፤ ከጎኔ ጎረቤት ክፍል ሳይኖረኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የቀሩትን ቆጠርኳቸው፤ መቶ ዘጠኝ ናቸው። ከአሥራ ስድስተኛው መስመር ላይ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ምንም ሳይጎድልበት ቆሟል። በግራውም በቀኙም የነበረው ግን ሄዷል። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ተሰጠ ይሁን ተከለከለ የሚናገሩት ቃላት በሰዎች ኪስ ውስጥ ናቸው።

እርስዎ ደራሲ ነዎት፣ ክፍተቱን ለምን አይሞሉትም ይሉኝ ይሆናል። ሞልቼዋለሁ። ሰባት ጊዜ ሞልቼዋለሁ፤ እያንዳንዱን ቃል በመስመሩ ልክ መጥኜ፣ የእርሱን አጭር አነጋገር ጠብቄ። በሰባቱም ጊዜ ወንድሜ ይቅር ብሎኛል። ስለዚህ አንዱንም አላምነውም።

አምስተኛ፤ ስለ ቢሮዎ መልሶች። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ «ንብረቱ ትርጉም የለሽ ተብሎ በቋሚ መዝገብ ስለተመዘገበ የተለየ ትርጉም ሊሰጠው አይችልም» ይላል። ይህን ሳነብ መዝገብ ከማንበብ እንደሚበልጥ ተምሬያለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ከሠሪው ጋር ያለኝን ዝምድና የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳቀርብ ይጠይቃል። ማስረጃዬ በትሪው የመጀመሪያ መስመር ላይ ነበር፣ «ለታናሽ ወንድሜ» የሚል፤ በአሁኑ ሰዓት ሦስት ፊደል ቀርቶታል፤ እባክዎ እነርሱ ሳይነቀሉ ይፍጠኑ። ያው ደብዳቤ «እርሳስ ለጤና ጎጂ በመሆኑ ቀልጦ ይወገዳል» ብሎ ያሳስባል። ለሕዝብ ጤና በማሰብዎ አመሰግናለሁ፤ ጎጂነቱ የታወቀው ለአሥራ አንድ ሳምንት በልጆች ኪስ ከታደለ በኋላ መሆኑ ብቻ ትንሽ ይቆረቁራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትሪውን ይስጡኝ አላልኩም፤ የወደቀ አበባ እንኳ ንብረት መሆኑን ተምሬያለሁና። የቀሩት መቶ ዘጠኝ ፊደሎች ከእንግዲህ እንዳይነቀሉ ዙሪያቸው በሲባጎ ይታሰር፤ ሲባጎ እኔ አመጣለሁ። ሰኞ ጠዋት ከመቅለጣቸው በፊት ቀለም ተቀብተው በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይታተሙ፤ ቀለምና ወረቀትም አመጣለሁ። ማተሚያ መኪና አያስፈልግም፤ መዳፌ ይበቃል። ወንድሜ ይህን ገጽ የሠራው አንድ ቅጂ ታትሞ በእርማት ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ጠረጴዛው አለኝ። ቀይ ቀለምም አለኝ፤ ግን አልነካውም።

ይህን ጋዜጣ ለምታነቡ የከተማው ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከዚያ ክፍል በማስታወሻነት የወሰዳችሁትን ፈልጉት፤ መሳቢያችሁን፣ ኪሳችሁን፣ የቁልፍ መያዣችሁን ዳብሱ። ያጠፋችሁት ነገር የለም፤ ውሰዱ ተብላችሁ ነው የወሰዳችሁት፤ እኔ ይህን ከሁላችሁ የበለጠ አውቃለሁ። እሑድ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰዓት በሙዚየሙ በር፣ ከሽቦው ውጭ፣ ቡኒ ኮት ለብሼ እቆማለሁ። ከየትኛው መስመር እንደነቀላችሁት ብታስታውሱ ንገሩኝ። ባታስታውሱም አምጡት። ቢያንስ አንድ ላይ ይሁኑ።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለሁለቱ ማኅተሞችዎ፣ ለዘጠኙ ስብሰባዎችዎ፣ ለምንጣፉ ልስላሴና ለሣሩ ደህንነት ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ ከወንድሜ ቋጠሮ የበለጠ ጠንክሮ እንዲይዝዎ በመመኘት፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ጎብኚ፣
የቀድሞ አራሚ፣ የ«ሬዲዮ» ታናሽ ወንድም

ግልባጭ፦
ለወንድሜ ሚስት፤ እውነትሽን ነበር።
ለአትክልቱ ቦታ ጥበቃ፤ ፊሽካቸውን ይዘው ወደ ውስጥ እንዲገቡ።
በገጽ አርባ ለቀበርኩት ሽማግሌ፤ ተመልሶ መነሣቱ የእኔ ጥፋት እንደነበር እንዲያውቀው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመክፈቻው ዕለት የተነሣው ፎቶግራፍ፣ «ታሪክ በእጅዎ» ተብሎ በትልቁ በመግቢያዎ ላይ የተሰቀለው፣ ገጹን ሙሉ ሆኖ የሚያሳይ በዓለም ላይ ያለ ብቸኛ ምስል መሆኑን አስተውለዋል? እኔ አስተውያለሁ፤ በማጉያ መነጽር አንድ ሰዓት ቆሜበታለሁ። ስድስቱ መስመሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። ከሰባተኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያለውን የክቡርነትዎ እጅጌ ሸፍኖታል። እጅግ ያማረ ልብስ ነው።

በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ከገጹ ግርጌ የመጀመሪያውን ምልክት የሚነቅለው፣ ፈገግ ያለው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ገና አላነበብኩም ነበር፤ ትልቅ ሰው ይቅደም ተባልኩ፣ ቀደምኩ። የመረጥኩት የመጨረሻውን አራት ነጥብ ነው፤ ለጸሐፊ ያምራል ብዬ። የወንድሜን ንግግር ከጫፉ የፈታሁት፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ እኔ ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ከቀለም ጠርሙሴ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ፣ ገጹ ሲታተምም በገዛ እጄ ከቦታው እመልሰዋለሁ። እስከዚያው ድረስ የወንድሜ ደብዳቤ ሳይዘጋ የእኔ እንዲዘጋ ስለማልፈልግ፣ ይህንንም ያለ እርሱ ልኬልዎታለሁ